አባባ ያቋረጡት ክኒን

የካቲት 15 ቀን 2017፣ ቅዳሜ፣ ቢቸና

ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ሰው ሁሉ መርፌውንም ክኒኑንም ከጾሙ በፊት መገላገል ስለሚፈልግ ተመላላሽ ክፍሉ ዛሬ ገበያ መስሎ ዋለ። እግሬ አብጧል።

የመጋቢት ሴሚናር የእኔ ተራ ነው። ርዕሱን ራሴ መረጥኩ፤ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ሲነቁ የልብ ደም ሥር እንዴት እየጠበበ እንደሚሄድ። የመድኃኒት ቤታችን ኃላፊ የኔሰው «ስለ ወባ ብታቀርቢ አይሻልም? ይሄ እኮ የአዲስ አበባ በሽታ ነው» አለኝ። አባቴን ሞጣ ድረስ መጥቶ ያገኛቸው የአዲስ አበባ በሽታ ልለው አሰብኩና ተውኩት።

ጥቅምት ላይ አባባን ደረታቸውን ሲያፍናቸው በስልክ «ጨጓራ ነው» ብለን ሦስት ቀን አሳለፍን። ብለን? ያልኩት እኔ ነኝ። እዚህ አገር ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ሐኪሟም ከሰው የተለየች አልሆነችም። ባሕር ዳር ሲደርሱ ከልባቸው ደም ሥሮች አንዱ ተዘግቶ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። አሁን በየቀኑ ሦስት ክኒን ይወስዳሉ፤ ሁለቱ ደም የሚያቀጥኑ፣ አንዱ ስብ የሚቀንስ። በየወሩ ከዚህ ገዝቼ በሚኒባስ ሾፌር እልክላቸዋለሁ። ታናሽ እህቴ ማናለሽ አብራቸው ስለምትኖር እሷ ትከታተላለች። ብዙ ማሰብ የለብኝም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

አባባ ከቅዳሴ መልስ ደወሉ። ምን እያጠናሽ ነው አሉኝ። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ነገር ማሳነስ አይወዱም፤ እኔም ሳላሳንስ ነገርኳቸው። ስቡ በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። ነጮቹ የደም ሕዋሳት ጠላት ገባ ብለው ይነቃሉ፤ ይከተሉታል፤ ይውጡታል። ውጠው ውጠው ያብጡና መውጣት አቅቷቸው እዚያው ይሞታሉ። ግድግዳውን ይበልጥ የሚያሳብጠው የእነሱ ሬሳና ጩኸታቸውን ሰምተው የሚመጡት ሌሎቹ ናቸው አልኳቸው።

«እንግዲያ ለተዝካር ተጠርተው፣ በልተው በልተው መነሣት ያቃታቸው ደባትር ናቸዋ» አሉ።

«ናቸው» አልኩ፤ «መነሣት ሲያቅታቸው ደግሞ ሌሎች ደባትር ይጠራሉ።»

ሳቁ። አባባ ሲስቁ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ከዚያ የድዳቸውን ነገር አነሡ። ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ይደማል። ባለፈው እሑድ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ሊገቡ ሲሉ ምራቃቸው ላይ ደም አዩና አውልቀው ወጡ። ደም የሚፈስሰው ካህን መቅደስ አይገባም። በደብሩ የቀሩት ቀሳውስት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውና ቄስ ሣህለ ማርያም። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ያን ዕለት ሕዝቡ ኪዳን ብቻ አስደርሶ ወደየቤቱ ተመለሰ። «በእኔ ምክንያት» አሉ፤ ሁለት ጊዜ ደጋገሟት።

በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ አልኳቸው።

«ልቀድስ ስል? ጠብታ ውሃ ብትወርድብኝስ?»

እንግዲያው ማታ ማታ ያድርጉት አልኩ። የድዱ ቁስል በራሱ ደግ አይደለም፤ እነዚያን ሕዋሳት ቀን ከሌት ቀስቅሶ ነው የሚያቆያቸው። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ አልኳቸው። እሺ አሉ። አባባ እሺ ማለት ያውቁበታል።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ሠላሳ ስምንት ታካሚ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። አባባ በሥራ ሰዓት ደወሉ፤ ስለ ክኒኑ ጠየቁ፤ መለስኩላቸው። ለሴሚናሩ ገና አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ምሳ ረሳሁ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት ከነልጇ ከገጠር በቃሬዛ መጥታ፣ ሁለቱም ተርፈው ወደ አልጋ ሄዱ። እንዲህ ያለ ቀን ሲኖር ሙያዬን እወደዋለሁ። ወደ ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁና የአባባን የወር ክኒን ላክሁ።

መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ማናለሽ ደወለች። የአባባ ድድ መድማቱን ከተወ አሥር ቀን ገደማ ሆነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሴ አልጎደለባቸውም፤ ፊታቸው በርቷል አለች። የጨው ውሃው ሠራ ማለት ነው። ለነገሩ እንዲህ ቶሎ ይሻለዋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

የአባባን ድድ ለየኔሰው ነገርኩት።

«በጨው ውሃ ብቻ?» አለ።

«ብቻ።»

«ክኒኑን ግን ይውጣሉ?»

«የሐኪም አባት እኮ ናቸው» አልኩት። አገጩን አሸት አሸት አደረገና ወደ መደርደሪያው ዞረ። የመድኃኒት ቤት ሰው የማይጠረጥረው ነገር የለም።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ሴሚናሩ አለቀ። ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ቤት የመጣሁት፤ አሁን አይደለም።

ጥሩ አቀረብኩ። የነቁት ሕዋሳት የእብጠቱን ክዳን ከውስጥ እየበሉ እንዴት እንደሚያሳሱት፣ አንድ ቀን ክዳኑ ሲቀደድ ደም ቁስል ያገኘ መስሎት እዚያ ላይ እንዴት እንደሚረጋ፣ የረጋው ደም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መንገዱን እንዴት እንደሚዘጋ በሥዕል አሳየሁ። የደባትሩን ምሳሌም ተናገርኩ፤ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ የኔሰው እጁን አወጣ። «ታማሚው ደህና ነኝ ብሎ ደም የሚያቀጥነውን ቢያቋርጥስ?» አለ። ለብቻው አሥር ደቂቃ ወሰድኩለት። ክዳኑ መቼ እንደሚቀደድ ማንም አያውቅም አልኩ። በተለይ አንድ ጊዜ ታሞ የተረፈ ሰው በመጀመሪያው ዓመት አንድም ቀን መዝለል የለበትም አልኩ። አንድም ቀን። ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ ነበር የምናገረው።

ስወጣ ሁለት ነርሶች ከፊቴ ይሄዳሉ፤ መኖሬን አላወቁም። «ስታስተምር እንዴት ታምራለች» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ «ታካሚ ስታይ ግን ከካርዱ ቀና አትልም፤ እሺ እሺ ትልና ቀጣይ ትላለች» አለች። ሠላሳ ስምንት ሰው ተሰልፎ ቀና በይ ቢሏት እሷስ ትላለች? ይህን እያሰብኩ ነው ቤት የደረስኩት።

ማታ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩት። መጋቢት 2። «ስለ ክኒኑ ጠየቁ፤ መለስኩላቸው።» ምን ብለው ነበር የጠየቁኝ? ምን ብዬ መለስኩላቸው? ስንት ፍሬ እንደሚወስዱ ይሆናል የጠየቁት። ወይም ከምግብ በፊት ነው በኋላ። እንደዚያ ያለ ነገር ነው። ነገ እደውላለሁ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ኔትወርክ የለም።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ኔትወርክ የለም። ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪናም ከጉንደ ወይን አያልፍም ይላሉ። የማናለሽ ዝምታ በኔትወርኩ ነው። ደህና ባይሆኑ ኖሮ እንደምንም ሰው ትልክ ነበር።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ስልኩ ዛሬ ጠዋት ተከፈተ። ማናለሽ ቀድማ ደወለች። የአባባን ዳዊት ለመወልወል ከማኅደሩ ስታወጣ የሁለቱ ክኒኖች ፓኬቶች ወደቁ። የመጋቢቱ ጨርሶ አልተከፈተም። የየካቲቱም ግማሽ ያህል ቀርቷል። የስቡን ክኒን ብቻ ነው የሚወስዱት፤ ደም የሚያቀጥኑትን ሁለቱን ትተዋል።

«ለምን አልተከታተልሽም?» አልኳት።

«ጠይቄያቸው ነበር እኮ። ‹ሉሊት ፈቅዳልኛለች› አሉኝ። አንቺ ሐኪም ነሽ፤ እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ በምን አፌ ነው የምከራከራቸው?»

አልፈቀድኩም አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት።

አባባን አቅርቢልኝ ብላትም ከሐሙስ ጀምሮ ሱባኤ ገብተዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው የሚያድሩት፤ ስልክ አይዙም። የማደሪያውን ደጅ አንኳኪና ሉሊት ዛሬውኑ ጀምሩ ብላለች በይልኝ አልኳት። ከሰዓት በኋላ መልሱን አመጣች፤ «ከፋሲካ በኋላ። አታስቢ በሏት፤ ደህና ነኝ።»

በደንብ ሳስበው ትዝ አለኝ። «የሁዳዴን ያህል ባቋርጠውስ?» ሳይሉኝ አልቀረም። እኔም «አንድ ሁለት ቀን ምንም አይልም» ብያለሁ። አንድ ሁለት ቀን ነው ያልኩት። ሁለት ወር አላልኩም። ለማንኛውም ሰው ቢሆን እንደዚያ ነው የሚባለው፤ አንድ ፍሬ ዘለልኩ ብሎ እንዳይሸበር። ልዩነቱን አባባ ያውቃሉ፤ የቃል መምህር ናቸው።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ለሞጣው ሆስፒታል ሐኪም ለታዘበው ደወልኩለት፤ አብረን ነው የተማርነው። አንድ ቀን ብቅ ብለህ እያቸው አልኩት። ማታ መልሶ ደወለ፤ ማደሪያቸው ድረስ ሄዶ ነበር። ግፊታቸው ደህና ነው፤ ደረታቸውን አያማቸውም አለኝ። ክኒኑን እንዳቋረጡ አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት አላውቅም። ምናልባት ለምን ብሎ እንዳይጠይቀኝ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ፈቃድ ጠየቅሁ። ሁለት ሐኪም ብቻ ነን፤ እስከ ሆሳዕና ድረስ አይቻልም ተባልኩ። መንገዱም አልተከፈተም። ባይከለክሉኝም መሄድ አልችልም ነበር።

የኔሰው ምሳ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ያልኳቸውን ጭምር። ሽሮውን ትቶ ሰማኝና «እኔ ብሆን በእግሬም እሄድ ነበር» አለ። ለእሱ ለመናገር ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አላናገርኩትም።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሕማማት ገባ። ተረኛ ነኝ። አንድ ሽማግሌ ደረቴን አፈነኝ ብለው መጡ። ካርዱን አስቀምጬ ሩብ ሰዓት ያህል አዳመጥኳቸው። ጨጓራ ነበር። ወጥተው ሲሄዱ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ፣ ጉንደ ወይን

ፈቃድ ወጣ። መኪናው እዚህ ቆመ። ነገ ጠዋት ያልፋል ይላሉ። የማድርበት ቤት ባለቤት እግርሽን ልጠብሽ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ የክኒን ፓኬት አለ።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ሞጣ

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። በቀጥታ ደብሩ ሄድኩ። አባባ የሕዝቡን እግር አጥበው ጨርሰው ሊቀድሱ ገብተዋል። ድምፃቸውን ከውጭ ሰማሁት። ቀጥ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ ነው። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ሲያዜሙ አልሰማኋቸውም። እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ «እንኳን አቋረጡት» ብዬ አሰብኩ።

ሲወጡ እጃቸውን ሳምኩ። ከስተዋል። «መጣሽልኝ» አሉ። ክኒኑን አወጣሁ። በአደባባይ አይሆንም ብለው እጄን በእጃቸው ሸፈኑት። ዛሬ ቆርበዋል፤ የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ ድዳቸው ቢደማ ወዴት ያድርጉት? የሚሉትን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በዚያ ቤት ነው ያደግሁት።

«ፋሲካን ብቻ ልቀድስ» አሉኝ። «ሣህለ ማርያም ዓይኑ ደክሟል፤ ብቻውን አይችልም። አንቺ የፈቀድሽልኝን ነው የያዝኩት።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሰው እጃቸውን ሊሳለም ተሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ሆስፒታል ነን። በሕይወት አሉ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

አሁን ተኝተዋል። ማናለሽ አጠገባቸው ናት። የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ይሰግዱ ነበር። አውደ ምሕረቱ አጠገብ ከቄስ ሣህለ ማርያም ጎን ናቸው፤ እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ አያቸዋለሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰገዱና ሳይነሡ ቀሩ። ሰዉ በተመስጦ ያሉ መስሎት መስገዱን ቀጠለ። እኔ ሰው እየረገጥኩ ሮጥኩ። ላብ አጥምቋቸዋል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጭነዋል። በባጃጅ ወሰድናቸው። ታዘበው የልብ ምርመራውን ወረቀት አይቶ አሳየኝ፤ መናገር አላስፈለገውም። የሚታኘከውን አስፕሪን በመዳፉ ይዞ መጣ።

አባባ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ዛሬ ስቅለት ነው» አሉ።

«ለሕመምተኛ ተፈቅዷል አባባ።»

«ለስንቱ ስፈቅድ ኖሬ ይህን አጣዋለሁ? ግን ነገ ሌሊት ቀዳሽ ነኝ። ከደማሁ ትንሣኤ ያለ ቅዳሴ ሊነጋ ነው። አንድ ሁለት ቀን ምንም አይልም ብለሽኛል። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ ቅዳሜ ነው። ሁለት ቀን ነው የምለምንሽ።»

ትንፋሻቸው በየቃሉ ይቆረጥ ነበር። ታዘበው አስፕሪኑን እጄ ላይ ትቶ ኦክስጅን ሊያመጣ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ጆሮአቸው ላይ ተደፋሁ።

«አባባ፣ ያን ቀን አልሰማሁዎትም። የሌላ ሰው ካርድ እየጻፍኩ ነበር። ምን እንደጠየቁኝ እንኳ በደንብ አልሰማሁም። ስልኩን ለመዝጋት ያልኩት ነው። የሐኪም ቃል አልነበረም።»

አዩኝ። ቢቆጡኝ እወድ ነበር።

«እኔ ግን በሐኪም ቃል ነበር የቆምኩት» አሉ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ክኒኑን አኘኩ። ማናለሽ ውሃ አቀበለቻቸው፤ ጠጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ በድምፅ ማጉያ ኪርያላይሶን ይሰማ ነበር፤ ሕዝቡ ገና እየሰገደ ነው።

ሕመሙ ሲቀልላቸው ታዘበው ክኒኑ መቋረጡን ከማናለሽ ሰምቶ ካርዱን ሊሞላ ተቀመጠ። «አባ፣ ክኒኑን ማን አስቆመዎት?» አላቸው። «እኔው ነኝ ልጄ፤ ስለ ቅዳሴው ብዬ» አሉት። እሱም ጻፈ። እኔ ግፊታቸውን እለካ ነበር።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ደብሩ ሌሊቱን አልተቀደሰበትም። ሕዝቡ ጧፉን እንደያዘ ወደ ሌላ ደብር ሄደ። ቄስ ሣህለ ማርያም በምርኩዝ መጥተው ይህን ሲነግሯቸው አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ታዘበው ልባቸውን በአልትራሳውንድ አይቶታል። የጡንቻው ትልቅ ክፍል ደክሟል። መንገዱ አስተማማኝ ሲሆን ወደ ባሕር ዳር ይላካሉ። ክኒኑን ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው፤ ረጅም ሰዓት መቆምም ከእንግዲህ አይሆንላቸውም። እኔ ልንገራቸው አልኩና እኔው ነገርኳቸው። ድዳቸው ዛሬ ጠዋት ደምቷል።

«እንግዲህ ከአስቀዳሾቹ ጋር እሆናለሁ» አሉ። «እሱም ወንበር ከሰጡኝ።»

ማናለሽ ዶሮውን በሳህን ይዛ ገባች። ማናችንም አልበላንም።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ቄስ ሣህለ ማርያም ዛሬም መጡ። የአባባ የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። መጋረጃው ተጋርዶ ነበር፤ እኔ ከወዲያኛው በኩል የሌላ በሽተኛ ጉሉኮስ እያስተካከልኩ ነበርና መሄድ ሲገባኝ አልሄድኩም።

«በአርባ ሁለት ዓመት ክህነቴ» አሉ አባባ፤ «በስቅለት ዕለት ውሃ ቀምሼ አላውቅም። ዋሽቼም አላውቅም። ዘንድሮ ሁለቱንም በአንድ ቀን አደረግኋቸው።»

«ውሃውስ ለመድኃኒት ነው» አሉ ቄስ ሣህለ ማርያም። «ውሸቱ ለምን ነበር?»

«ብቻ ይፍቱኝ» አሉ አባባ።

ዓርብ ዕለት ግፊታቸውን እለካ ነበር ብዬ ጽፌአለሁ። ለክቼ ጨርሼ ነበር። መሣሪያው ጭኔ ላይ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቼ ዝም አልኩ። አባቴ ታመው ተኝተው እኔን ሲሸፍኑኝ ተሸፈንኩ።

መቅደሱን ልመልስላቸው አልችልም። ወደ ታዘበው ክፍል ገባሁና ካርዳቸውን ጠየቅሁት። «መድኃኒት ያቋረጡበት ምክንያት፦ በራሳቸው ፈቃድ» ይላል። ይህ እውነት አይደለም አልኩት፤ በስልክ ያስቆመቻቸው ሐኪም አለች። ማን ናት አለኝ። ነገርኩት። ብዕሩን እንደያዘ ቀረ።

«ሉሊት፣ ይሄ ካርድ እኮ ባሕር ዳር ይሄዳል። ሰው ያነበዋል» አለኝ።

ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩ። መስመሩን ሰረዝኩና ከሥሩ በእጄ ጻፍኩት፤ ያልኳቸውን ቃል፣ ያልኩበትን ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ስም።